የመድኃኒት ኃይል እንዳይደክም
ለአዲስ አንባቢዎች የተዘጋጀ የሬዲዮ ንግግር

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ መድኃኒት ነው። ስለ ሁሉም መድኃኒት ግን አይደለም፤ አንቲባዮቲክ ስለሚባለው መድኃኒት ነው። ንግግሩን በሬዲዮ የሰማችሁ አሁን ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልሰማችሁትም ሙሉውን እዚህ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው። በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም። በየክፍሉ ቆም በሉ። ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለዚህም ምክንያት አለን። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

1. አንቲባዮቲክ ምንድነው?

በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት አሉ። ረቂቅ ተሕዋስያን ይባላሉ። በአፈር ውስጥ አሉ። በውኃ ውስጥ አሉ። በእጃችን ላይ አሉ። በአንጀታችን ውስጥም አሉ። ብዙዎቹ አይጎዱንም። እንዲያውም ይጠቅሙናል። ወተቱ የሚረጋው፣ ሊጡ የሚቦካው በእነሱ ነው። ጥቂቶቹ ግን በሽታ ያመጣሉ።

በሽታ ከሚያመጡት መካከል ሁለት ወገኖችን እንለይ። አንደኛው ባክቴሪያ ይባላል። ሁለተኛው ቫይረስ ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ፣ ታይፎይድ፣ ኮሌራ፣ ቂጥኝ በባክቴሪያ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው። ጉንፋን፣ ኩፍኝና ፖሊዮ ደግሞ በቫይረስ የሚመጡ ናቸው።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በቫይረስ ላይ ግን ምንም ኃይል የለውም። ይህን ነጥብ ያዙልን። የንግግራችን ግማሹ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ስማቸውን ከዚህ ቀደም ሰምታችሁ ይሆናል። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከእነዚህ ወገን ናቸው። ፓራሲታሞል ግን ከእነሱ ወገን አይደለም። እሱ ሕመምንና ትኩሳትን ያስታግሣል እንጂ ባክቴሪያን አይገድልም።

2. መድኃኒቱ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የሚባል ሐኪም ለንደን ከተማ ውስጥ ባክቴሪያዎችን በሳሕን ላይ እያራባ ያጠና ነበር። አንዱ ሳሕን ሻገተ። ፍሌሚንግ ሳሕኑን ሲመለከት በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ጠፍተዋል። ሻጋታው ባክቴሪያን የሚገድል ነገር ያመነጫል ማለት ነው። ያንን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው።

ከሻጋታ መድኃኒት አጣርቶ ማውጣቱ ግን ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ከተማ፣ አንድ ፖሊስ በጽኑ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሰውነቱ በመግል ተመርዟል። ሐኪሞቹ ፔኒሲሊን ሰጡት። ሰውየው በጥቂት ቀን ውስጥ ቀና አለ። ትኩሳቱ ወረደ። ምግብ በላ። ነገር ግን መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ነበር። ሐኪሞቹ ከሰውየው ሽንት ውስጥ እንኳ ፔኒሲሊኑን መልሰው እያጣሩ ሰጡት። በመጨረሻ አለቀ። በሽታው አገረሸበትና ሰውየው ሞተ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ሰው የሞተው መድኃኒት ስላልተገኘለት አይደለም። ተገኝቶ ስላለቀበት ነው። ዛሬ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን በብዛት ይሠሩታል። ቶሎ አያልቅም። ነገር ግን መድኃኒት የሚያልቅበት ሌላ መንገድም አለ። መደርደሪያው ሞልቶ፣ ሣጥኑ በእጃችን ላይ እያለ፣ ኃይሉ ብቻ ያልቃል።

ፍሌሚንግ ይህን አስቀድሞ አይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ ተናገረ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል። ፔኒሲሊን ራሱ ይገዛል። የሚወስደው ከሚገባው በታች ነው። ያ መጠን ባክቴሪያዎቹን አይገድላቸውም፤ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ግን ያስተምራቸዋል። ከዚያ በሽታው ለሚስቱ ይተላለፋል። እሷን የሳንባ ምች ይይዛታል። ፔኒሲሊን ይሰጣታል። መድኃኒቱ አይሠራም። ሚስቲቱ ትሞታለች።

ምሳሌው የተነገረው መድኃኒቱ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ምሳሌ መሆኑ ቀርቷል። እውነት ሆኗል። ከብዙ አገሮች መረጃ አሰባስበው የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምተዋል።

3. ኃይሉ እንዴት ይደክማል?

ለገበሬ ይህን ማስረዳት አይከብድም። በማሳችሁ ውስጥ አረም በቅሏል እንበል። ለማረም ወጣችሁ። ሥሩ ላላ ያለውን ነቀላችሁ። ሥሩ የጠለቀውን ትታችሁ ወደ ቤት ገባችሁ። የቀረው አረም ምን ያደርጋል? ቦታው ሰፋለት። ፀሐዩም፣ ውኃውም፣ አፈሩም የእሱ ብቻ ሆነ። አፈራ፤ ዘሩን በተነ። በሚቀጥለው ዓመት ማሳችሁን የሚሞላው የትኛው ነው? ለመንቀል ያስቸገረው ነው።

ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን ሊቋቋሙ ይችላሉ። አንቲባዮቲክ በወሰድን ቁጥር ደካሞቹ ይሞታሉ። የሚቋቋሙት ይቀራሉ፤ ይራባሉ። ይህንንም ችሎታቸውን ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያስተላልፋሉ። ስለዚህ አንቲባዮቲክን ያለቦታው በወሰድን ቁጥር ምንም ሳንጠቀም ብርቱዎቹን እናበዛለን።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። መድኃኒቱን የተላመደው ሰውነት አይደለም። የተላመዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰውነቴ ለመደው ካልኩ ጉዳዩ የኔ ብቻ ይሆናል። ባክቴሪያ ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። በእጅ ይተላለፋል። በሳል ይተላለፋል። በውኃ ይተላለፋል። በኔ ሰውነት ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነገ ከጎረቤቴ ሕፃን ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያ ሕፃን በሕይወቱ አንድም ቀን አንቲባዮቲክ ባይወስድም መድኃኒቱ ላይሠራለት ይችላል።

ይህን ስሕተት የሚሳሳተው የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት በ12 አገሮች ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ጎረቤታችን ሱዳን፣ እንዲሁም ግብፅና ናይጄሪያ ከነዚህ አገሮች ውስጥ ነበሩ። ከተጠየቁት 100 ሰዎች 76ቱ ያህል የሚላመደው ሰውነት ነው ብለው አመኑ። ከ100ው 64ቱ ደግሞ አንቲባዮቲክ ጉንፋንን ያድናል ብለው መለሱ።

4. ተመራማሪዎች ከሰው ምን ሰሙ?

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ባክቴሪያ ነው። አሁን ስለ ሰው እንነጋገር።

ብዙ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ሕዝቡ ይወቀሳል። «ሕዝቡ አያውቅም፤ እንዲያው ኪኒን ይውጣል» ይባላል። ነገር ግን ወቀሳውን ትተው ወደ ሰው ቤት የሄዱ ተመራማሪዎች አሉ። በየመድኃኒት ቤቱ ቆመው አይተዋል። በየመንደሩ ተቀምጠው ሰምተዋል። «ለምን ገዛህ? ለምን አቋረጥሽ? የተረፈውን ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጠይቀዋል።

በአገራችን ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። ሄልሙት ክሎስ የሚባል የጂኦግራፊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት የአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች የት የት እንደሚገኙ፣ ደንበኞቻቸውም ከየት እንደሚመጡ መርምሯል።

በጎንደር ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ሰዎችን እንደ ደንበኛ አድርገው ወደ መድኃኒት ቤቶች ላኩ። ሰዎቹ የሐኪም ማዘዣ አልያዙም። «ልጅ አስቀምጦታል» ወይም «ጉንፋን ይዞኛል» ይላሉ። ከሄዱባቸው ጊዜያት በብዙዎቹ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ተሸጠላቸው። አጥኚዎቹ ቀጥለው ሻጮቹን «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ከመልሶቹ መካከል «ደንበኛው ይጫነናል፤ እኛ እምቢ ብንል ከሌላ ይገዛል» የሚል ነበረበት። የትርፍ ጉዳይና የቁጥጥር መላላትም ተነሣ።

በኡጋንዳ፣ በካምፓላ ከተማ፣ የቀን ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ሰፈሩ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ የጎደለበት ነው። ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ ይታመማሉ። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ከተኛ የዚያን ቀን ምግብ የለም። ስለዚህ ከሱቅ መድኃኒት ገዝተው ይውጡና ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ኪኒኑ ለእነሱ የዕረፍት ምትክ ሆኗል። የሐኪም ምትክ ሆኗል። የንጹሕ ውኃ ምትክም ሆኗል።

በፊሊፒንስ፣ በማኒላ ከተማ ድሃ ሰፈሮች፣ አኒታ ሃርዶን የምትባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ ውስጥ ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚያክሙ አጥንታለች። እዚያ ሰዎች «ሂያንግ» የሚሉት ቃል አላቸው። ትርጉሙ ከእኛው «ይስማማኛል» ጋር ይቀራረባል። አንዱ መድኃኒት ለአንዱ ይስማማል፣ ለሌላው አይስማማም ይላሉ። ስለዚህ ጎረቤት ያዳነውን ይሞክራሉ። ካልተስማማ ሌላ ይለውጣሉ። እኛስ? «እሱን መድኃኒት ስወስድ ነው የሚሻለኝ» አንልም እንዴ?

እስቲ አሁን እኛ አገር የሚሆነውን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት እናት ወደ መድኃኒት ቤት ገባች እንበል።

«እንደምን ዋልክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልታዘዝ እናቴ?»

«ሕፃኑ ያስለዋል። ባለፈው የሰጣችሁኝን አሞክሳሲሊን ስጠኝ።»

«ማዘዣ ይዘዋል?»

«ከየት አመጣለሁ ብለህ ነው? ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ወረፋው ቀኑን ይፈጃል። የካርድ፣ የምርመራ ይላሉ። ባለፈው ስሄድም የጻፉልኝ ይህንኑ ነው።»

«እሺ፣ ስንት ቀን የሚሆን?»

«ለሁለት ቀን ስጠኝ። ያለኝ ብር ይኸው ነው።»

ይህች እናት ሰነፍ ናት? አይደለችም። ልጇን ትወዳለች። ታስባለች፤ ታሰላለች። ከእጇ ያለውን ገንዘብ፣ የመንገዱን ርዝመት፣ የወረፋውን ነገር መዝናለች። ደግሞም መድኃኒቱን ያስተማራት ማነው? ባለፈው ለሳል ያዘዘላት ባለሙያ አይደለም? እሷ የተማረችውን ነው የደገመችው። ባለ መድኃኒት ቤቱም ክፉ ሰው አይደለም። የቤት ኪራይ አለበት፤ ደንበኛም ይፈልጋል።

እንግዲህ የተመራማሪዎቹ ዋና መልእክት ይህ ነው። ሰው አንቲባዮቲክን ያለቦታው የሚወስደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ጊዜ ሲያጥረው፣ ገንዘብ ሲያጥረው፣ ሐኪም ሲርቀው ኪኒኑ መሙያ ይሆናል። ስለዚህ «አትውሰዱ» ብሎ መጮህ ብቻውን አይበቃም። ቀዳዳው ራሱ መደፈን አለበት።

ሆኖም የዚህች እናት ስሌት አንድ ነገር ጎድሎታል። ሕፃኑ ጉንፋን ከሆነ የያዘው፣ ገንዘቧን በከንቱ አወጣች። የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ፣ የሁለት ቀን መድኃኒት ላያድነው ይችላል። ሁለቱም መንገድ ይጎዳታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው።

5. በሌላ አገር ምን ተሠራ?

በታይላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሥራ ተጀመረ። ዓላማው አንቲባዮቲክን በብልኃት መጠቀም ነበር። ሥራው በሦስት ነገሮች ላይ አተኮረ። ጉንፋንና የተለመደ የጉሮሮ ሕመም አንድ፣ ድንገተኛ ተቅማጥ ሁለት፣ ንጹሕና ቀላል ቁስል ሦስት። እነዚህ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናሉ።

ለሰው ያስተማሩበት መንገድ ቀላል ነበር። ሰው ጉሮሮውን በመስተዋት ራሱ እንዲያይ ተደረገ። ባለሙያው አንቲባዮቲክ የማያስፈልግበትን ምክንያት ያስረዳዋል። ባዶ እጁንም አይሸኘውም። ሕመሙን የሚያስታግሥ ሌላ መድኃኒት ይሰጠዋል። በመጀመሪያ ሥራው በአንድ ክፍለ ሀገር ተሞከረ። በኋላ ወደ ሌሎች ተስፋፋ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ሰው ሲታመም የሚፈልገው ኪኒን ብቻ አይደለም። የሚያዳምጠውን ሰው ይፈልጋል። በሽታው ምን እንደሆነ የሚነግረውን ይፈልጋል። ይህን ካገኘ ኪኒኑ ቢቀርበትም ተደስቶ ይሄዳል።

6. እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ምችና የሳንባ ምች አይምታታባችሁ። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም። በቤታችን ምች የምንለውና ዳማከሴ የምናሸትለት ሌላ ነው። የሳንባ ምች ግን ሳንባን የሚያሳብጥ፣ ሕፃናትን በጣም የሚገድል በሽታ ነው።

እንዴት ይለያል? ቁጥር ተምራችኋል፤ እንግዲህ ተጠቀሙበት። ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ከደረቱ ገለጥ አድርጉ። ሰዓት ያዙ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለ1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ ፈጥኗል። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ራሱን ከሳተ ደግሞ ነገ አትበሉ። በሌሊትም ቢሆን ተነሡ። ይህ ልጅ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ልጅ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒቱን ኃይል የምንጠብቀው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነው።

ሁለተኛ፦ ልጅ ሲያስቀምጠው አንቲባዮቲክ አትፈልጉ። የብዙ ልጆች ተቅማጥ በፈሳሽ ይድናል። ልጅን የሚገድለው የውኃ ማለቅ ነው። ኦ አር ኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። ዚንክም ይሰጣል። የጡት ወተት አይቋረጥ። በሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሦስተኛ፦ የካፕሱል ዱቄት በቁስል ላይ አትነስንሱ። ይህ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ካፕሱሉ ይሰበራል፣ ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይደረጋል። ካፕሱሉ የተሠራው ለመዋጥ ነው። ቀላል ቁስልን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ካበጠ፣ ከመገለ ወይም ጥልቅ ከሆነ ለባለሙያ አሳዩት።

አራተኛ፦ የተረፈ ኪኒን አታስቀምጡ፤ ለጎረቤትም አትስጡ። ደግ መሆን መልካም ነው። ቡና ተጠራሩ፣ በዕድር ተረዳዱ። አንቲባዮቲክ ግን አትዋዋሱ። የሷ ሕመም የናንተ ሕመም ላይሆን ይችላል። በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን እንደምትወስዱ ባለሙያውን ጠይቁ። ያዘዘላችሁንም በልኩ ውሰዱ። ሻል ሲላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ በራሳችሁ ፈቃድም አትጨምሩ። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙ ወራት ይወሰዳል። እሱን ማቋረጥ እጅግ አደገኛ ነው።

አምስተኛ፦ አንብቡ! ማንበብ የተማራችሁት ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ስትገዙ ሣጥኑ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ባለ መድኃኒት ቤቱን እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለውን በአማርኛ ጻፍልኝ።» ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቤት ስትደርሱ ደግማችሁ አንብቡት።

አሁን ስለ ዓመተ ምሕረቱ የቀጠርናችሁን እንፈጽም። በሣጥኑ ላይ መድኃኒቱ የሚያበቃበት ጊዜ ይጻፋል። ዓመቱ የሚጻፈው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እነሱ ከእኛ 7 ወይም 8 ዓመት ይቀድማሉ። አንድ ሰው በ2015 ዓ.ም. ሣጥን አንሥቶ «2021» የሚል አነበበ እንበል። «ገና 6 ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ቢውጠው ይሳሳታል። የእኛ 2015 ዓ.ም. በእነሱ 2022 እና 2023 ነውና መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ሒሳቡን እንዲህ ያዙ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7 ደምሩ። ከጥር እስከ ጳጉሜ 8 ደምሩ። ከዚያ ከሣጥኑ ጋር አስተያዩ። ከተጠራጠራችሁ ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ለከብትም እንዲሁ። ከገበያ በተገዛ አንቲባዮቲክ ላምን ወይም ዶሮን በግምት ማከም እዚያም ባክቴሪያውን ያላምደዋል። የእንስሳት ሐኪም ይዘዝላችሁ። በመድኃኒት ላይ ያለችን ላም ወተት ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ጠይቁት።

ሰባተኛ፦ በሽታው ሳይመጣ ተከላከሉ። ያልታመመ ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መቆፈር፣ ውኃን ማከም የአንቲባዮቲክን ኃይል ይጠብቃሉ። ክትባትም እንዲሁ። በአገራችን አንዱን ዋና የሳንባ ምች ዓይነት የሚከላከል ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከባድ ተቅማጥን የሚከላከለው የሮታ ቫይረስ ክትባት ደግሞ በ2013 ተጀመረ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው።

ስምንተኛ፦ ይህ የግለሰብ ሥራ ብቻ አይደለም። ያቺ እናት ጤና ጣቢያ ያልሄደችው ስለራቃት፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ ገንዘቡ ነበር። እነዚህን አንድ ሰው ብቻውን አያቃናቸውም። ስለዚህ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተናገሩ። «ጤና ጣቢያችን መድኃኒት አለው ወይ? ወረፋው ለምን ረዘመ? ምርመራው ለምን አይሟላም?» ብላችሁ ጠይቁ። የማኅበረሰብ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቂት ወረዳዎች ተጀምሮ ኋላ ተስፋፍቷል። በአካባቢያችሁ ካለ ስለ አባልነቱ ጠይቁ። መዋጮው አስቀድሞ ስለሚከፈል በታመማችሁ ቀን የካርድና የምርመራ ሐሳብ ይቀልላችኋል።

ባለሙያዎችም ይስሙን። ሕመምተኛውን አስተኝታችሁ መርምሩ፤ ለማያስፈልገው አትዘዙ፤ ለምን እንዳላዘዛችሁ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ባለ መድኃኒት ቤቶችም «ይቅርታ እናቴ፣ ይህ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፤ ሕፃኑ ግን ቶሎ ይታይ» ማለትን ልመዱ። ሁሉም በአንድ ቃል እምቢ ካሉ፣ አንዱ እምቢ ስላለ ደንበኛ አያጣም።

ውድ አንባቢዎች፣ የምንጭ ውኃ የመንደሩ ሁሉ ነው። አንዱ ካደፈረሰው ሁሉም ድፍርሱን ይጠጣል። የአንቲባዮቲክ ኃይልም እንደዚያ የጋራ ነው። በሣጥን ተሸጎ በብር ይገዛል እንጂ ኃይሉ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ገና ላልተወለዱት ልጆችም ድርሻ አላቸው።

ዛሬ ማታ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት ዕቃ አውጡ። ስሙንና ጊዜውን ለማንበብ ሞክሩ። ያለፈበትንና የተረፈውን ለዩ። ልጆች በማያገኙት ቦታ አኑሩትና በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. አንቲባዮቲክ ጉንፋንን የማያድነው ለምንድነው?

ለ. «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚለው አባባል ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

ሐ. በምሳሌው ያየናት እናት ለምን ወደ ጤና ጣቢያ አልሄደችም? በእናንተ ቀበሌ ብትኖር ምን ትረዷት ነበር?

መ. የ8 ወር ሕፃን በደቂቃ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ምን ታደርጋላችሁ?

ሠ. በሣጥን ላይ የተጻፈ ዓመት ከእኛ አቆጣጠር ጋር እንዴት ይስተያያል? ዛሬ ያላችሁበትን ዓመት ይዛችሁ አስሉት።

ረ. በአካባቢያችሁ ሰው ለሰው ኪኒን ይዋዋሳል? ለምን ይመስላችኋል?

መልሶቻችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።